ከመንዝ እስከ ሳጉሬ፦ አውራ በግ ልመርጥ የሄድኩበት ሳምንት

አርሲ ደርሼ ከተመለስኩ ወዲህ የመንደሬ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «በጋቸው ከእኛ ይበልጣል ወይ?» መልሱን በአንድ ቃል ብናገር ጉዞዬ ሁሉ ከንቱ ይቀራል፤ ስለዚህ ከመነሻው ልጀምር። አርሲን የማየት ዕድል የሌለው በዚህ ጽሑፍ ይየው፤ ያየ ካለ ደግሞ ስሳሳት ያርመኝ።

ስሜ ጥሩወርቅ ነው። መንዝ ውስጥ ብዙ ዘመን አስተምሬ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ በግ አርቢ ሆኛለሁ። በቀበሌያችን የበግ አርቢዎች ማኅበር አለን። በየዓመቱ ከየቤቱ የደረሱትን ወንድ በጎች አንድ ሜዳ ላይ እናወጣና ሕዝብ እያየ እንመርጣለን፤ የተመረጡት ለመንደሩ ሁሉ አውራ ይሆናሉ፣ የቀሩት ይኮላሻሉ ወይም ገበያ ይወርዳሉ። ዱሮ እንዲህ አልነበረም። ቶሎ ያደገውንና ያማረውን ለበዓል እንሸጠዋለን ወይም ሙክት እናደርገዋለን፤ ሴቶቹን የሚያጠቃው ማንም ያልፈለገው ኮስማና ይሆናል። ከዚያ ቁጭ ብለን «የዛሬ በግ እንደ ዱሮው አይደለም» እያልን ዘመኑን እንወቅሳለን። ዘመኑ ምን አደረገ? ምርጡን የበላነው እኛው ነን።

ሳጉሬ አካባቢ ያሉ አርቢዎች እንደኛው ማኅበር አቁመው የመጀመሪያ ምርጫቸውን ሊያደርጉ ነበር። ከዳኞቹ አንዱ የማንም ዘመድ ያልሆነ የውጭ ሰው ይሁን ብለው ወደ እኛ ላኩ፤ የእኛ ማኅበር ደግሞ እኔን መረጠ። ኩራቴን አልደብቅም። ጎረቤቶቼ ሲሸኙኝ አምባሳደር ሆኜ የተሾምኩ ነበር የመሰለኝ።

ሰኞ

ማልጄ ተነሳሁ። በሻንጣዬ ቅያሪ ልብስና ለአስተናጋጆቼ ከበጋችን ፀጉር የተሠራ ባና ይዣለሁ። በሌላ ትልቅ ፌስታል ደግሞ የበግ ሽርጥ ሞልቻለሁ። የበግ ሽርጥ ምን እንደሆነ የማያውቅ አንባቢ እስከ ዓርብ ይታገሠኝ። እስከ ደብረ ብርሃን ጉም እየቀዘፍን ሄድን፤ የመኪናው መስኮት አልዘጋ ብሎ ከአጠገቤ የተቀመጡት ቄስ ጋቢያቸውን ግማሹን አለበሱኝ። ከሰዓት በኋላ አዲስ አበባ የእህቴ ልጅ ቤት ገባሁ።

የእህቴ ልጅ በግ የምታውቀው በፋሲካ ዋዜማ መኪና ላይ ታስሮ ሲሄድ ነው። «አክስቴ፣ አንድ በግ ለመምረጥ ይህን ያህል መንገድ?» ብላ ሳቀችብኝ።

«አንቺን ለመዳር ስንመርጥ እንዲህ ብንደክም ኖሮ ዛሬ የት በደረስሽ!» አልኳት። ባሏ ሰምቶ ከሁላችንም በላይ ሳቀ፤ ደግ ልጅ ነው።

ማክሰኞ

አዳማ ላይ ሙቀቱ ሹራቤን አስወለቀኝ። ከዚያ በሚኒባስ ወደ አርሲ መውጣት ጀመርን፤ መንገዱ ከፍ ባለ ቁጥር አየሩ እየቀዘቀዘ፣ እኔም እየተነፈስኩ መጣሁ። ኢተያ ስንደርስ ግን ትንፋሼ ቆመ። ስንዴው ማለቂያ የለውም። እኛ አገር እርሻ ማለት ድንጋይ ተለቅሞ፣ እርከን ተሠርቶ፣ ተራራው ጫፍ ላይ በጥፍር የተያዘ መሬት ነው። እዚህ ግን ከመንገዱ ዳር ጀምሮ እስከ ሰማዩ ጫፍ ቢጫ ነው፤ አንድ ኮምባይነር መሐሉ ገብቶ ትል ያህል ሆኗል። ቀናሁ። «እግዜር ሲያከፋፍል መንዝ የት ሄዶ ነበር?» ብዬ ለጎረቤቴ ተሳፋሪ ብነግራቸው፣ «በግ ሲጠብቅ ይሆናል» አሉኝ።

ምሳ ኢተያ በላሁ። የበግ ጥብስ ነበር፤ ሥጋው ለስላሳ፣ ቅባቱ የሚጣፍጥ። የአርሲን በግ መጀመሪያ የተዋወቅሁት በምላሴ ነው ማለት ነው። ይህን ጥብስ ለደረስኩበት ሰው ሁሉ ሳወራለት ነበር፤ ወሬኛነቴ በኋላ ጉድ አፈላብኝ።

አሰላ ስወርድ የጭላሎ ተራራ አናቱን በደመና ጠቅልሎ ነበር። ሆቴል ገብቼ ሻንጣዬን ሳሳርፍ ፌስታሉ የለም! ሽርጡን በሙሉ ሚኒባሱ ወንበር ሥር ትቼዋለሁ። ወደ መናኸሪያ ሮጥኩ። ተራ አስከባሪው ስልክ ደወለ፣ አንዱ ረዳት ለሌላው ረዳት ደወለ፣ ሻይ የምትሸጠዋ ሴትዮ ተቀመጡ ብላ ሻይ አጠጣችኝ። ሚኒባሱ ግን ወደ አዳማ ተመልሷል፤ ፌስታሉንም ያየ ሰው የለም። «ምን ነበረበት እናቴ?» ብሎ ተራ አስከባሪው ሲጠይቀኝ «የበግ ልብስ» አልኩት። አየኝና ሁለተኛ ሻይ አዘዘልኝ።

ረቡዕ

ሳጉሬ መናኸሪያ የጠበቁኝ አስተናጋጄ ኦቦ ጀማል ናቸው። ረጅም፣ ጥርሳቸው ነጭ፣ ሳቃቸው ከሩቅ የሚሰማ ሰው ናቸው። የማኅበሩ መሥራችም እሳቸው ናቸው። ጋሪ ይዘው መጥተው ሻንጣዬን ከእጄ ነጠቁና ጉዞ ጀመርን። በመንገድ ላይ ሯጮች ሰልፍ ሠርተው አለፉን። «የበቆጂን ልጆች አይተው ነው የእኛም የሚሮጡት» አሉ ኦቦ ጀማል። የጋሪው ፈረስ ሊከተላቸው ሞክሮ ተወ።

ቤታቸው ከሳጉሬ ወጣ ብሎ ወደ በቆጂ በሚወስደው በኩል፣ የገብስ እርሻ መሐል ነው። ባለቤታቸው ከድጃ በሩ ላይ ተቀበለችኝ፤ ከእኔ በዕድሜ ብዙ ታንሳለች። ባናውን ስሰጣት ፊቷን ቀበረችበት። «ሆላ እንዲህ ይለበሳል እንዴ?» አለች። ሆላ በእነሱ ቋንቋ በግ ማለት ነው። የአርሲ በግ ብዙውን ጊዜ ጸጉሩ አጭር ስለሆነ ባና አይወጣውም። እዚህ ላይ አንድ ነጥብ ለመንዝ ያዝኩ።

ቀጥሎ ግን የእነሱ ተራ ሆነ። በጎቹ ከግጦሽ ሲመለሱ በረት አጠገብ ቆሜ አያለሁ። ቁመታቸው ከእኛዎቹ ይበልጣል፣ ላታቸው ወርዶ ቁርጭምጭሚታቸው ሊደርስ ነው። ደግሞ ሴቶቹ ብዙዎቹ ቀንድ አላቸው! እኛ አገር ቀንዳም ሴት በግ ያየ ሰው ያማትባል። እኔም አማተብኩ፤ ከድጃ ደንግጣ «ምነው አዴ?» አለችኝ። አዴ የአክብሮት መጠሪያ ነው፤ እኛ እትዬ እንደምንለው።

ረቡዕ የጾም ቀን መሆኑን ከእኔ በፊት ያሰቡበት እነሱ ናቸው። የዚያ ቤት ማሰሮና ድስት ሁሉ ቅቤ የጠገበ ነው፤ ስለዚህ ከድጃ ከክርስቲያን ጎረቤታቸው ከአቶ ታደሰ ቤት የጾም ድስት ተውሳ ድንች በዘይት ሠራችልኝ። አቶ ታደሰ አያት ቅድመ አያታቸው ከሸዋ የመጡ ናቸው፤ ድስቱን ይዘው የመጡት ራሳቸው ነበሩ። እየበላሁ የኢተያን ጥብስ አሞገስኩላቸው። ኦቦ ጀማል አቶ ታደሰን ጠቀስ አድርገው «ዛሬ ረቡዕ ነው። ነገ ግን ሐሙስ ነው» አሉ። ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባኝም ነበር።

ከምሳ በኋላ ማድ ቤቱ ጥግ የታሰረ አንድ ቀይ ዳማ ወንድ በግ አየሁ። ከትልልቆቹ ያንሳል፤ ግን ደረቱ ሰፊ፣ አቋሙ ቀጥ ያለ፣ ዓይኑ ደፋር ነው። ለመምህር ተማሪው እንደሚታየው ሁሉ ለአርቢም በጉ ይታየዋል። «ይህ መቼ ተወለደ?» አልኳት ከድጃን።

«ካቻምና ነሐሴ ነው፤ ያ ሁሉ በረዶ ሲወርድ። መንታ ናቸው፣ እህቱ እዚያች ናት» ብላ በረቱን አሳየችኝ።

«መንታ? በነሐሴ? ሁለቱም ተረፉ?»

«የሰፈሩ ግልገል ሁሉ አለቀ። የእኔ አልሞቱም። እናቱ ሁልጊዜ መንታ ትወልዳለች፤ እናቷም እንዲሁ ነበረች።» ከዚያ ቀስ ብላ ነገረችኝ። ስትዳር እናቷ አንዲት ሴት በግ ሰጥታት ነበር፤ ይህ የዚያች ዘር ነው። እናቷ ዛሬ በሕይወት የለችም። «ሴቶቹ አሉኝ። ወንድ ግን ከዚህ ዘር አውራ ሆኖ አያውቅም።»

«ለምን?»

«ያማሩ ናቸዋ! አንዱ ለአረፋ፣ አንዱ ለሠርግ፣ አንዱ ለሽማግሌ። ወንዶቹን ሁሉ እንግዳ በላቸው» አለችና ሳቀች፤ ሳቋ ግን አልሞላም። ወንዱ በግ የባል ነው፣ የሚታረደውን የሚወስነው እሱ ነው፤ ያም ልማድ እኛ አገር የማይታወቅ አይደለም። ይህን አንዱን ብቻ እንዲተዉላት ኦቦ ጀማልን ለምናቸው እንደነበር ነገረችኝ። ከትልቁ ነጭ በጋቸው ጋር ቅዳሜ ለምርጫ እንዲያቀርቡት ጠይቃ፣ እሳቸው «ይህ ትንሽ ነው፣ ያምራል እንጂ አያሸንፍም» ብለዋታል።

ዳኛ ነኝና አልመለስኩላትም። ሆዴ ግን በጉን መርጦ ጨርሶ ነበር።

ሐሙስ

ጠዋት ግቢው ውስጥ ቢላ ሲሳል ሰማሁ። ወጣ ብል አቶ ታደሰ እጅጌያቸውን ሰብስበው ቆመዋል፣ ኦቦ ጀማል ያንን ቀይ በግ በቀንዱ ይዘውታል፣ ከድጃ ማድ ቤቱ በር ላይ የሻሿን ጫፍ በጥርሷ ነክሳ ቆማለች።

ነገሩ ወዲያው ገባኝ። የተከበረ እንግዳ ሲመጣ ከመንጋው ምርጡ ይታረዳል። እንግዳዋ ክርስቲያን ናት፤ ሙስሊም ያረደውን አትበላም። ስለዚህ ኦቦ ጀማል የሚያርድልኝ ክርስቲያን ጠርተዋል። ረቡዕን ቆጥረው አሳልፈዋል። የእንግድነትን ሕግ አንዷን ሳያጎድሉ፣ ልመርጠው የመጣሁትን በግ በስሜ ሊያርዱት ነው። የመንደሩ ወንዶች ሁሉ ቢሰበሰቡ ከዚህ የበለጠ ክብርና ከዚህ የበለጠ ጥፋት በአንድ ቢላ ላይ አያገናኙም።

ምን ልበል? «ይህን አትንኩት፣ ምርጡ አውራ ይህ ነው» ብል ዳኛዋ ከቅዳሜ በፊት ፈረደች ይባላል፤ የበሉበት ቤት ያዳላሉ ተብሎ የመንዝ ስም ይጠፋል። «ሌላ እረዱ» ብል ደግሞ የተሰጠኝን ክብር በእግሬ መግፋቴ ነው። በጉ አየኝ፣ ከድጃ አየችኝ። በልቤ «እመቤቴ፣ ይህን ነፍስ አትርፊልኝ፤ እስከ ቁስቋም እጾምልሻለሁ» አልኩ።

«ኦቦ ጀማል፣ እግዜር ይስጥልኝ። እኔ ግን የጽጌ ጾም ላይ ነኝ» አልኩ።

አቶ ታደሰ ቢላውን አወረዱ። «እትዬ፣ ጽጌ የፈቃድ ጾም ነው እኮ!»

«ፈቃዴ ነው» አልኳቸው።

«ማክሰኞ ዕለት ኢተያ ላይ ጥብስ በላሁ ብለው አልነበር?» አሉ ኦቦ ጀማል፤ ፊታቸው ላይ ቅሬታ አየሁ። ይህች ምላሴ!

«ስለቱ ከኢተያ በኋላ ነው የመጣው» አልኩ። ውሸት አልነበረም፤ በጣም ከኢተያ በኋላ ነበር።

አቶ ታደሰ በጉን እያዩ ምራቃቸውን ዋጡ፤ አዘንኩላቸው። ኦቦ ጀማል ግን በቀላሉ የሚሸነፉ ሰው አይደሉም። «እንግዲያ አዴ፣ ለእርስዎ የተባለ ነገር ወደ በረት አይመለስም። ከነነፍሱ የእርስዎ ነው። መንዝ ይዘውት ይግቡ» አሉና ገመዱን እጄ ላይ አደረጉት።

በዚያች ቅጽበት የመጣልኝን ሐሳብ የሰጠኝ ማን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ስለቱን የሰማችው ናት። «ተቀብያለሁ። ከልቤ ነው የተቀበልኩት። የኔ ከሆነ ደግሞ ላበላችኝ፣ ድስት ተውሳ ለለፋችልኝ ለከድጃ ሰጥቻለሁ። አቶ ታደሰ፣ ምስክር ይሁኑ» ብዬ ገመዱን ለከድጃ ሰጠኋት።

ከድጃ ገመዱን እጇ ላይ ሁለቴ ጠመጠመችው። ኦቦ ጀማል አንዴ እሷን አንዴ እኔን አዩና «ወላሂ፣ የመንዝ ሰው ተንኮሉ!» ብለው ሳቁ፤ አሳሳቃቸው ግን የልብ አልነበረም። የዚያን ቀን ምሳ ሽሮ በላን። አርሲ ውስጥ ያ ሁሉ ወተት፣ ያ ሁሉ እርጎ፣ ያ በቅቤ የራሰ የገብስ ጩኮ ፊቴ እየቀረበ ሲመለስ ስለቴን ለምን ከሥጋ ብቻ አላደረግሁትም ብዬ መጸጸቴን አልክድም።

ዓርብ

ከምርጫው በፊት ለማኅበሩ አባላት የእኛን አሠራር እንዳስረዳ ተጠይቄ ነበር። የሰፈሩ ሰው አንድ ባሕር ዛፍ ሥር ተሰበሰበ። እኔ በአማርኛ ስናገር ኦቦ ጀማል በኦሮምኛ ይተረጉሙልኛል፤ ትናንት ቅር ቢላቸውም ከቃሌ አንዲት አላጎደሉም።

አንድ ጊዜ እኛ ዘንድ የመጣ የእንስሳት ምሁር የነገረንን ነገርኳቸው። በብርድ አገር ያለች በግ አውራ የምትፈልገው ቀኑ እያጠረ ሲሄድ ነው፤ የጨለማውን መርዘም ሰውነቷ ይለካል፣ ስለዚህ የምትወልደው ሣር በሚበቅልበት ወራት ይሆናል። በእኛ አገር ቀንና ሌሊቱ ዓመቱን ሙሉ ብዙም አይለያይም። የእኛ በግ አውራ ካገኘች በየትኛውም ወር ታረግዛለች። «ፈረንጅን ፀሐይ ትቆጥርለታለች፤ እኛ ግን ራሳችን ካልቆጠርን የሚቆጥርልን የለም» አልኩ። በግ የምትሸከመው አምስት ወር ነው። በመጋቢት የተጠቃች ነሐሴ ላይ፣ በዚያ ጭቃና በረዶ ትወልዳለች። አሁን፣ በጥቅምትና በኅዳር የተጠቃች ግን በልግ ሲዘንብ፣ አዲስ ሣር ሲወጣ ትወልዳለች። ይህን ስል ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ የካቻምናው ነሐሴ ከብዙ ቤት ግልገል ወስዷል።

«ታዲያ አውራውን ማን ይከለክለዋል?» አለ አንዱ።

እዚህ ላይ ነው ሽርጡ የሚያስፈልገው። በማይፈለግበት ወር አውራው ሆድ ሥር ሽርጥ ይታሰርለታል፤ ከመንጋው ጋር ይግጣል፣ ይዘላል፣ ግን ምንም አያደርስም። የእኔ ሽርጥ ሚኒባሱ ላይ ስለቀረ ከድጃና ጎረቤቶቿ ባዶ ማዳበሪያ ቆርጠው በወስፌ ሰፉ፤ ከእኔው የሸራ ሽርጥ የተሻለ ወጣ፣ ዝናብ አያስገባማ። ለሙከራ የኦቦ ጀማል ትልቁ ነጭ በግ ላይ ሲታሰር ሰዉ በሳቅ ተንፈራፈረ። «የመንዝ ሰው ለበጉ ሱሪ ይሰፋል!» አሉኝ። «ለባሎቻችንም አስበንበት ነበር» አልኩ፤ ሴቶቹ ትርጉሙን ሳይጠብቁ ሳቁ።

አንድ ሰው ደግሞ «ለምን የመንዝ አውራ አታመጡልንም? ከእኛው ጋር እናዳቅለው» አለኝ። ኩራቴ አዎ በይ በይ አለኝ። ግን እውነቱን ተናገርኩ። «እናንተ ዘንድ መንታ የምትወልድ አለች፣ ብርድ የምትችል አለች፣ ወተቷ የሚበዛ አለች፣ አንዱም የማይሆንላት አለች። ይህ ልዩነት ሀብታችሁ ነው፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ቢሆኑ የሚመረጥ ነገር ባልኖረ ነበር። ከቤታችሁ ያለውን መርጣችሁ ሳትጨርሱ የሰው አትመኙ። ስትመርጡም አካሉን ከማየታችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፦ መቼ ተወለደ፣ ብቻውን ነው ወይስ መንታ፣ እናቱ እንዴት ናት?» ይህን ስናገር ወደ ከድጃ አላየሁም።

ቅዳሜ

ሜዳው በሰውና በበግ ሞላ። ዳኞች ሦስት ነን፦ እኔ፣ አቶ ታደሰ፣ እና ኦቦ ቱፋ የሚባሉ በበግ ያረጁ ሽማግሌ። ከቀረቡት መካከል ብዙዎቹን ተስማምተን አሳለፍን። የኦቦ ጀማል ነጩ በግ ሲቀርብ ሰዉ አጨበጨበ፤ ከሁሉም ይበልጣል። ጥያቄው ቀረበ። በሚያዝያ፣ በልግ ላይ ተወልዷል። ብቻውን ነው የጠባው። እናቱ ካንድ በላይ ወልዳ አታውቅም። ኦቦ ቱፋ ጀርባውን ዳሰሱትና «መልካም ነው። ግን የበላው ነው ያሳደገው» አሉ። እኔም ተስማማሁ። በቤቱ የማድርበትን ሰው በሕዝብ ፊት ጣልኩት፤ ኦቦ ጀማል አንገታቸውን ነቅነቅ አድርገው በጋቸውን ወደ ዳር ወሰዱ።

ከዚያ ከድጃ ወጣች። በግ ይዛ የቀረበች ሴት እሷ ብቻ ነበረች። ቀዩ በግ ከነጩ አጠገብ ካለፈ በኋላ ሲታይ ትንሽ ነው፤ ከኋላ የሳቀ ሰው ነበር።

«በዚህ በግ ላይ ድምፅ የለኝም። የሰጠኋት እኔ ነኝ» አልኩ።

አቶ ታደሰ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኔም ድምፅ የለኝም። ላርደው ቢላ የሳልኩለት ነኝ።»

ፍርዱ ሁሉ ኦቦ ቱፋ ላይ ወደቀ። ሽማግሌው ዱላቸውን ለሰው ሰጥተው ተንበረከኩ። ጥርሱን አዩ፣ ላቱን መዘኑ፣ ፍሬውን ዳሰሱ። እኔ ከንፈሬን ነክሼ ቆሜያለሁ፤ መምህርት ተማሪዋ ሰሌዳ ላይ ወጥቶ እሷ መናገር ስትከለከል የሚሰማት ነገር ነው የተሰማኝ። «መቼ ተወለደ?» አሉ ሽማግሌው።

«ነሐሴ» አለች ከድጃ። ድምፅዋ አልተሰማም፤ ደግማ ጮክ ብላ «ነሐሴ! መንታ ነው። እህቱም አለች» አለች።

ኦቦ ቱፋ በጉን ይዘው ተነሱ። «ያን ነሐሴ እኔ ቤት አንድ ግልገል አልተረፈም። ይህ ሰፈር አብሮኝ አይቷል። ይህ ግን ወተት ተካፍሎ፣ በረዶ ወርዶበት፣ እዚህ ቆሟል። ሌላ ምን ልጠይቀው?» አሉ። ከዚያ እንደ ሥርዓቱ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «የማን በግ ነው?» ብለው ጠየቁ።

ሰዉ ሁሉ ዞሮ ኦቦ ጀማልን አየ፤ የቤቱ ወንድ እሳቸው ናቸዋ። ኦቦ ጀማል ነጭ በጋቸውን ይዘው ከዳር ቆመዋል። ከዚያ ያ ከሩቅ የሚሰማ ድምፃቸው መጣ። «የከድጃ ነው። የእናቷ ዘር ነው» አሉ።

እልል ያለችው መጀመሪያ እኔ ነኝ። ከድጃ በጉን አንገቱን አቅፋ አለቀሰች፤ እኔም አለቀስኩ፤ ለምን እንደማፍርበት አላውቅም። ኩራት ኩራት ይለኝ ነበር፤ በመንዝ ብቻ አይደለም፣ በዚያ ሜዳ ላይ ባለው ሰው ሁሉ ነው።

እሑድ

ስሸኝ ከድጃ ጩኮውን በትንሽ ዕቃ ጠቅጥቃ «ቁስቋም ሲሆን ይበሉታል» ብላ ሰጠችኝ። ኦቦ ጀማል እስከ ሳጉሬ በጋሪ አደረሱኝ። ብዙም አላወሩም፤ ቅሬታቸው አልለቀቃቸውም ብዬ ፈራሁ። ስንሰነባበት ግን «አዴ፣ እንግዳ ቤቴ ገብቶ ሥጋ ሳይበላ ሲወጣ የመጀመሪያዬ ነው። ይህ እዳ አለብኝ» አሉኝ። እጃቸውን አጥብቄ ጨበጥኩ።

ለመንደሬ ሰዎች ጥያቄም መልሴን በዚያው መንገድ ላይ አገኘሁት፦ በጋቸው በቁመት ይበልጠናል፣ በጋችን በፀጉር ይበልጣቸዋል፣ በምርጫ ደግሞ አሁን እኩል ነን። ጩኮውን እስከ ቁስቋም ሳልነካ አቆየሁት። እንዲህ ያለ ፈተና ሰይጣን ራሱ አያስብም።

ይህን ጽፌ ልጨርስ ስል፣ በመጋቢት፣ በሁዳዴ መካከል ስልኬ ጮኸ። ኦቦ ጀማል ናቸው። ከኋላቸው የግልገል ጩኸት እየሰማሁ ነው። ቀዩ አውራ ያጠቃቸው መውለድ ጀምረዋል፤ በልጉም ጥሩ ዘንቧል፤ አንዲትም ግልገል አልሞተችም። «ከድጃ እንቅልፍ የላትም፣ በየቤቱ እየዞረች ልጆቹን ትቆጥራለች» አሉኝ። ከዚያ «አሁንም ጾም ላይ ነዎት?» አሉ።

«ሁዳዴ ነው እኮ ኦቦ ጀማል።»

«እናንተ መቼ ነው የምትበሉት? እንግዲያ ከፋሲካ በኋላ ይምጡ። አቶ ታደሰም ቢላዬን ስያለሁ ብለዋል። አርድልዎታለሁ።»

«የትኛውን?» አልኩ።

ያ ከሩቅ የሚሰማ ሳቃቸው ስልኩን ሞላው። «ወላሂ አዴ ጥሩወርቅ፣ ለእርስዎማ ከመንጋው መናኛውን ፈልጌ ነው የማርደው!»

በብዙ ቤት እንግዳ ሆኜ ገብቻለሁ፣ ብዙ ሙክት ታርዶልኛል። እንዲህ ያለ ክብር ግን ማንም ሰጥቶኝ አያውቅም።